ከዳባት መዝገብ እስከ ሀምቡርግ ቤተ ሙከራ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር ሥራ ከምን ይነሣል?

በአንድ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር የሥራ ታሪክ ወረቀት ላይ ማስተማር፣ ምርምርና ዓለም አቀፍ ትብብር በሦስት የተለያዩ ርእሶች ሥር ተዘርዝረው ይገኛሉ። በመጀመሪያው ርእስ ሥር ያስተማራቸው ትምህርቶችና ያማከራቸው ተማሪዎች፣ በሁለተኛው ያሳተማቸው ጽሑፎች፣ በሦስተኛው የሄደባቸው አገሮችና አብረውት የሠሩ ተቋማት ይሰፍራሉ። አዘራዘሩ ለቅጥርና ለማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ይመች ይሆናል፤ ሦስቱ ነገሮች አንዱ ከሌላው እንዴት እንደሚወለድ ግን አያሳይም። በተለይ ከዋና ከተማ ርቆ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ለሚያስተምር ጀማሪ መምህር ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። የውጭ ተባባሪ የሚገኘው እንዴት ነው? ተባባሪውስ ከእርሱ ምን ይፈልጋል?

ይህ አጭር ጽሑፍ መልሱን ከአንድ እውነተኛ የምርምር መስመር ለመፈለግ ይሞክራል። መስመሩ የአማርኛን ንግግር ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ የኮምፒውተር ሥርዓት ለመሥራት የተደረገው ጥረት ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ መካከል ዶ/ር ሰሎሞን ተፈራ አባተና ዶ/ር ማርታ ይፍሩ ታችበሌ ይገኙበታል። ከዚያ በኋላ ወደ ዳባትና ደባርቅ ተመልሰን ያው መንገድ እዚህ ምን ሊመስል እንደሚችል እንመለከታለን። የአቅራቢው መከራከሪያ አንድ ነው፤ በእኛ አገር ሁኔታ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁርን ሥራ ለዓመታት የሚሸከመው በአገር ውስጥ፣ በእጅ የተሰበሰበ መረጃ ነው። ማስተማሩ መረጃውን ያስገኛል፣ ትብብሩም መረጃውን ተከትሎ ይመጣል። «ዓ.ም» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመመረቂያ ጽሑፍ የተነሣ መንገድ

የአማርኛ ንግግር ምርምር የተጀመረው በትልቅ ቤተ ሙከራ አልነበረም። በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቹ የመመረቂያ ርእስ ይፈቅድ ነበር፤ ከእነዚህ ርእሶች ጥቂቶቹ ኮምፒውተር አማርኛ ይሰማ እንደሆነ የሚጠይቁ ነበሩ። በ2001 ሰሎሞን ብርሃኑ የተባሉ ተማሪ ከአማርኛ ተነባቢና አናባቢ ጥምር ድምፆች 41 ያህሉን መርጠው፣ የ8 ሰዎችን ድምፅ ቀድተው፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው የሚለይ ሥርዓት ሠሩ። በ2003 ደግሞ ማርታ ይፍሩ፣ ያኔ ገና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳሉ፣ በአማርኛ የቃል ትእዛዝ ማይክሮሶፍት ወርድን የሚያሠራ ሥርዓት ላይ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አቀረቡ።

ስምንት ሰው! ዛሬ ይህን ቁጥር የሚያነብ የጥልቅ ነርቭ መረብ ተማሪ ፈገግ ይል ይሆናል። ነገር ግን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በጥቂት ወራት፣ ያለ ገንዘብ፣ ጓደኞቹን ለምኖ የሚቀዳው የድምፅ መጠን ከዚህ ብዙ አይዘልም። ትልቁ ትርፍ እነዚህ ተከታታይ ጽሑፎች ችግሩ የት እንዳለ ማሳየታቸው ነበር። በጊዜው የነበሩት የስሌት ዘዴዎች ለእንግሊዝኛ ጥሩ ውጤት ያስገኙ ስለነበር፣ አማርኛው እንዲሠራ የጎደለው የተቀዳ ንግግር መሆኑ ግልጽ ሆነ።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የመጀመሪያውን ትልቅ እርምጃ የወሰዱት ሰሎሞን ተፈራ ናቸው። ለዶክትሬት ጥናታቸው በጀርመን ሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከቮልፍጋንግ ሜንዝል ጋር ሲሠሩ፣ ከኢትዮ ዜና ድረ ገጽ የዜና ክምችት ዓረፍተ ነገሮችን መርጠው 100 ሰዎች እንዲያነቡ አደረጉ። የተገኘው የሥልጠና ስብስብ 10,850 ዓረፍተ ነገሮችና 20 ሰዓት ያህል ንግግር የያዘ ነበር። ሥራው በ2005 በሊዝበን በተካሄደው የኢንተርስፒች ጉባኤ ሲቀርብ፣ ሦስተኛው የጽሑፉ ተባባሪ የታሪክ ምሁሩ ባይሩ ታፍላ ነበሩ። በኮምፒውተር ጉባኤ ላይ የታሪክ ሊቅ ስም ማየት ያልተለመደ ነው፤ በጊዜው ግን አማርኛን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው በሀምቡርግ ሲፈለግ ከዚያ ወገን መገኘቱ አያስደንቅም።

ስብስቡ ሲገኝ የቋንቋው የራሱ ጥያቄዎች ብቅ አሉ። ፊደላችን ለዚህ ሥራ የተመቸ ይመስላል፤ እያንዳንዱ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ የተጻፈውን ቃል ወደ ድምፅ ዝርዝር መለወጥ ቀላል ነው ያሰኛል። ሁለት ነገሮች ግን ያሰናክላሉ። የመጀመሪያው ሳድስ ነው። «ትምህርት» በሚለው ቃል አምስቱም ሆሄያት ሳድስ ናቸው፤ ሲነገር ግን አናባቢው የሚሰማው በመጀመሪያው «ት» እና በ«ህ» ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጥብቀት ነው። «አለ» የሚለው ጽሑፍ ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ፊደሉ ግን አይለያቸውም። እንግሊዝኛን የሚያውቅ ተባባሪ ይህን ከራሱ አውጥቶ ሊያውቅ አይችልም፤ ሊነገረው ይገባል። በ2006 የተጠናቀቀው የሰሎሞን ተፈራ የዶክትሬት ጽሑፍ ከተናጠል ድምፆች ይልቅ ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ የያዘውን ቀለም እንደ መሠረታዊ መለያ መውሰድ እንደሚቻል ያሳየው በዚህ ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ ነው።

ማርታ ይፍሩ ደግሞ በዚያው ሀምቡርግ በ2010 ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት ሌላውን ወገን ያዙ። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሥርዓት ድምፁን ከመለየት ሌላ፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ ሊመጣ እንደሚችል የሚገምት የቋንቋ ሞዴል ያስፈልገዋል። ሞዴሉ ቃላትን የሚቆጥረው ከጽሑፍ ነው። አማርኛ ላይ ቆጠራው ቶሎ ይደክማል። «ነገረ» ከሚለው ግሥ ብቻ «ነገረች»፣ «አልነገርናቸውም»፣ «ስለሚነገረን»፣ «እንዲነጋገሩ» እያልን በሺህ የሚቆጠሩ ቅርጾች ማውጣት ይቻላል፤ አብዛኞቹ በሥልጠናው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አይገኙም። ሥርዓቱ ያላየውን ቃል ሊጽፍ አይችልም። የማርታ መፍትሔ ቃሉን ወደ ምዕላዶች ከፋፍሎ የቋንቋውን ሞዴል በእነርሱ ላይ ማቆም ነበር። «አል-ነገር-ና-ቸው-ም» ተብሎ ሲከፈል እያንዳንዱ ቁራጭ ብዙ ጊዜ የታየ ይሆናል። ይህም በሰዋስው ትምህርት ቤት የተማርነው ነገር ለስሌት ሥራ ምን ያህል እንደሚያገለግል የሚያሳይ ነው።

አሁን ወደ ትብብሩ እንምጣ። ከሀምቡርግ በኋላ ሁለቱ ተመራማሪዎች በፈረንሳይ ግሮኖብል ከሎረን ቤሳሲየ ጋር ሠርተው፣ በ2014 ስፒች ኮሚኒኬሽን በተባለው መጽሔት ለአማርኛ የሚስማሙ የድምፅና የቋንቋ መለያ አሃዶችን ያነጻጸረ ጽሑፍ ታተመላቸው። ያ የ20 ሰዓት ስብስብ ከስዋሂሊና ከዎሎፍ ጋር አልፋ በተባለው የፈረንሳይ ፕሮጀክት ውስጥ ገብቶ ማንም በነፃ እንዲያወርደው ተደርጓል። በ2020 ደግሞ በጀርመን ብሬመን ከታንያ ሹልትስ ጋር አማርኛን፣ ትግርኛን፣ ኦሮምኛንና ወላይትኛን በጥልቅ ነርቭ መረብ የሚለዩ ሥርዓቶችን አቀረቡ። ሦስት ከተሞች፣ ሦስት ቤተ ሙከራዎች፣ አሥራ አምስት ዓመታት። በዚህ ሁሉ ጊዜ የስሌቱ ዘዴ ከሥር መሠረቱ ተለውጧል፤ በ2005 የነበረው ማርኮቭ ሞዴል በ2020 ቦታውን ለነርቭ መረብ ለቋል። ያልተለወጠው የመጀመሪያዎቹ 100 ሰዎች ድምፅ ነው። ዘዴው ያረጃል፤ በጥንቃቄ የተቀዳና በትክክል የተጻፈ ንግግር ግን ዘዴው ሲለወጥ እንደገና ይፈለጋል።

የማስተማሩም ፍሬ እዚህ ላይ ይታያል። በ2020 ስለ አራቱ ቋንቋዎች የንግግር ስብስብ የወጣው ጽሑፍ አሥር ደራስያን አሉት፤ ከእነርሱም ውስጥ ሚልዮን መሸሻ፣ ያሬጋል አሳቢና ሰሎሞን አጥናፉ ይገኛሉ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በእንግሊዝኛና በኢትዮጵያ ቋንቋዎች መካከል ለማሽን ትርጉም የሚሆን ትይዩ ጽሑፍ የሰበሰበው ቡድንም ከዚሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ የወጣ ነበር። አንድ ሰው ሀምቡርግ ሄዶ በመመለሱ ብቻ እንዲህ ያለ ቡድን አይፈጠርም። ተመልሶ ማስተማር፣ ማማከር፣ ለተማሪው የሚቀጥለውን ቋንቋ መስጠት ያስፈልጋል።

ሁሉም ሰው ተመልሶ አይደለም የሠራው። ዶ/ር ሰይድ ሙሄ ይማም ከሀምቡርግ ሆነው በ2020 ባወጡት የአማርኛ ማኅበራዊ ሚዲያ የስሜት ትንተና ጥናት፣ ወደ 9,400 የሚጠጉ የትዊተር ጽሑፎችን በስሜታቸው የመደቡላቸው በቴሌግራም ቦት የተሳተፉ ሰዎች ነበሩ፤ ድካማቸውም በሞባይል ካርድ ይታሰብ ነበር። ከጥናቱ ተባባሪዎች አንዱ አብነው አሊ አየለ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሰው ናቸው። ሐሳቡ ያስደስታል፤ ስልክ ያለው ሁሉ ባለበት ሆኖ ሊሳተፍ ይችላል፣ የሚከፈለውም በሚያስፈልገው ነገር ነው።

ሃያ ሰዓት፣ በማን አንደበት?

በዚህ ስብስብ ላይ የአድናቆት ቃል ብቻ ተናግሮ ማለፍ ግን ለድኅረ ምረቃ ተማሪ አይጠቅምም። የስብስቡ አዘጋጆች ራሳቸው በግልጽ እንዳስቀመጡት፣ ከ100ዎቹ አንባብያን 80ዎቹ የአዲስ አበባን ዘዬ የሚናገሩ ናቸው። ቀሪዎቹ 20ዎቹ ከሌሎቹ አራት ዘዬዎች፣ ማለትም ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከመንዝ የተውጣጡ ናቸው። ለፈተናና ለማላመጃ ከተቀዱት ሌሎች ሰዎች ደግሞ 20ዎቹ የአዲስ አበባ ሲሆኑ ለአራቱ ዘዬዎች የተመረጡት አራት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሥርዓቱ በጎንደር አማርኛ ላይ ምን ያህል ይሳሳታል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚያረካ መልስ የሚሰጥ የፈተና ስብስብ በዚያ ውስጥ የለም። ይህን የምንለው አዘጋጆቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ያላካተቱትን ነገር ቆጥረው በመጻፋቸው ነው ዛሬ ክፍተቱን ልናየው የቻልነው።

ሁለተኛው ክፍተት ከዘዬ ይልቅ ከይዘት የሚመጣ ነው። ከዜና የተወሰደ ዓረፍተ ነገር የዜና ቃላት ይበዙበታል። የሊማሊሞን ቁልቁለት፣ ሳንቃበርን፣ ግጭን፣ ጨነቅን፣ ጭላዳንና ዋሊያን በየዕለቱ የሚጠራ የደባርቅ አስጎብኚ ሲናገር፣ በዜና የሠለጠነ የቋንቋ ሞዴል እነዚህን ስሞች ወደሚያውቀው ወደ ሌላ ቃል እያጠጋ ሊጽፋቸው ይሞክራል።

ሦስተኛው ክፍተት ደግሞ የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ ሳያስበው ያጋጠመው ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቱ ዝግጅት በዳባት ከተማ ዳርቻ ጥቂት ሰዎችን ለመቅዳት በሞከረበት ጊዜ፣ የታተሙ ዓረፍተ ነገሮችን የያዘ ወረቀት ይዞ ነበር። የመጀመሪያዋ ተጠያቂ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው ከተመለከቱ በኋላ ማንበብ እንደማይችሉ፣ ከተፈለገ ግን ስለ ዘንድሮው ገብስ እንደሚያጫውቱት ነግረው መለሱለት። አጫወቱትም። ቅጂው ነፋስ የበዛበት ቢሆንም ከወረቀቱ ሁሉ የተሻለ አማርኛ አለበት። በንባብ ላይ የተመሠረተ ስብስብ ማንበብ የማይችለውን ሰው ከመነሻው ያስወጣል፤ በስልክ ድምፅ ከመናገር ይበልጥ ሊጠቀም የሚችለው ደግሞ ያው ሰው ነው። ይህን በመጻሕፍት አንብቦ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ወረቀቱ ሲመለስለት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በዓለም አቀፉ ወገን ያለው መፍትሔ መጠንን ማብዛት ነው። በ2022 የወጣው የኦፕንኤአይ ዊስፐር 680,000 ሰዓት በሚደርስ ድምፅ የሠለጠነ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ከተፈተነባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ እጅግ ከፍተኛ ስሕተት ከታየባቸው አንዱ ነበር፤ በዚያ ባሕር ውስጥ የአማርኛ ድርሻ ጠብታ ነውና። ከዚህ የምንረዳው፣ በመጠን መወዳደር ለደባርቅ መምህር መንገዱ እንዳልሆነ ነው። የሌላቸውን ነገር መያዝ ግን ይቻላል።

የዳባት መዝገብ

ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን የምናገኛት ዳባት፣ በተመራማሪዎች ዘንድ ከምትታወቅባቸው ነገሮች አንዱ መዝገቧ ነው። ያኔ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የነበረው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1996 በዳባት ወረዳ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አቋቋመ። ጣቢያው በተመረጡ የከተማና የገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ ቤተሰቦችን መዝግቦ፣ መረጃ ሰብሳቢዎች በየጊዜው ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባውንና የወጣውን እንዲመዘግቡ ያደርጋል። ከዚህ የተነሡ የጤና ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ ጣቢያው በአፍሪካና በእስያ ያሉ መሰል ጣቢያዎችን ባስተሳሰረው ኢንዴፕዝ መረብም ታቅፏል።

ይህ የጤና ሥራ ለኮምፒውተር ሳይንስ ምን አለው ለሚል አንባቢ፣ መዝገቡ በውስጡ ምን እንደሚመስል እናስብ። አንድ ሰው የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ቤተሰቡ ሌላ ቁጥር፣ የቆመበት ቤት ሌላ። ሰውየው ከቤት ወደ ቤት ቢዛወር ሰውነቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ መዝገቡ ሰውን ከቦታ ጋር የሚያገናኘው በመነሻና በመድረሻ ቀን በታጠረ የኑሮ ዘመን ነው። እያንዳንዱ ዘመን በአንድ ክስተት ይከፈታል፤ በልደት፣ በመምጣት ወይም በመጀመሪያው ቆጠራ። በአንድ ክስተትም ይዘጋል፤ በሞት ወይም በመሄድ። ሳይከፈት የተዘጋ፣ ወይም በአንድ ጊዜ በሁለት ቤት የተከፈተ ዘመን ስሕተት ነው። የመረጃ ቋት ትምህርት የሚሰጥ መምህር ስለ ተማሪና ስለ ኮርስ ከሚያስተምረው የተለመደ ምሳሌ ይልቅ ይህ ምን ያህል የበለጠ ሕይወት እንዳለው ልብ ይሏል።

ከዚያም በላይ የስም ጉዳይ አለ። ትዳር ይዛ ወደ ሌላ ቀበሌ የሄደች ወጣት ከዓመታት በኋላ ወደ ወላጆቿ ቤት ብትመለስ፣ መዝገቡ እንደ አዲስ ሰው እንዳይጽፋት የቀድሞ ቁጥሯን ማግኘት ያስፈልጋል። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር መለያው የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። አንዱ መዝጋቢ «ኃይሉ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ሐይሉ»፣ ሦስተኛው «ሀይሉ» ይለዋል። «ወልደ ሥላሴ» አንድ ቃል ሆኖም ሁለት ሆኖም ይጻፋል፤ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ አጻጻፉ ከዚህም ይበዛል። የክርስትና ስም አለ፣ የቤት ስም አለ። ዕድሜ በግምት ይነገራል፤ ቀኑም 13 ወር ካለው ዘመን አቆጣጠር ወደ ሌላው ሲዛወር በጳጉሜን አካባቢ ይሳሳታል። ለእንግሊዝኛ ስሞች የተሠሩት የማመሳሰያ ዘዴዎች፣ ለምሳሌ ስምን ወደ ድምፅ ኮድ የሚለውጠው ሳውንዴክስ፣ ከላቲን ፊደልና ከእንግሊዝኛ አነባበብ የተነሡ ስለሆኑ በግእዝ ፊደል ላይ እንዳሉ አይሠሩም። ሞክሼ ሆሄያትን አንድ የሚያደርግ፣ የድርብ ስሞችን ክፍፍል የሚያውቅና አባትና አያትን የተለየ ክብደት የሚሰጥ ዘዴ መሥራት ለአንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚበቃ ጥያቄ ነው። ለዶክትሬትም የሚያንስ አይደለም።

የሞት ምክንያትም እንዲሁ ነው። በገጠር አብዛኛው ሞት የሚሆነው ከጤና ተቋም ውጭ ስለሆነ፣ ጣቢያዎች የሟቹን ቤተሰብ ስለ ሕመሙ ምልክቶች ጠይቀው ምክንያቱን ይገምታሉ። በመጀመሪያ ግምቱን የሚሰጡት መጠይቁን ያነበቡ ሐኪሞች ነበሩ። ፒተር ባያስ የተባሉ ተመራማሪ በ2003 ከቬትናም ባልደረቦቻቸው ጋር ሐኪሙን ሳይጠብቅ በይሁንታ ስሌት ምክንያቱን የሚያመለክት ዘዴ አሳተሙ፤ ይህም ኢንተርቪኤ ወደተባለው፣ በብዙ ጣቢያዎች ወደሚሠራበት ፕሮግራም አደገ። ባያስ በአዲስ አበባና በስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር በቆመው የቡታጅራ ጥናትም የሠሩ ሰው ነበሩ። ስሌቱን ያዳበረው እጅ መዝገቡን በሚያውቅ ሰው ትከሻ ላይ እንደነበረ ማስተዋል ይገባል።

ደባርቅ ላይ ሆኖ

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ ከተማዋም የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ናት። በእንዲህ ያለ አዲስ ተቋም ውስጥ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ቀኑን የሚያሳልፈው በአብዛኛው በማስተማር ነው። የፕሮግራም አጻጻፍ መግቢያን ለብዙ ክፍሎች ይሰጣል፣ የቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮችን ያስተካክላል፣ በዓመቱ መጨረሻ የተማሪ ፕሮጀክቶችን ይመዝናል። ለምርምር የተረፈው ጊዜ ትንሽ ነው፤ የማዕረግ ዕድገት ሲመጣ ግን የሚጠየቀው የታተመ ጽሑፍ ነው። የተሰበሰበና በሥርዓት የተዘጋጀ መረጃ በዚህ ሚዛን ላይ የሚገባውን ክብደት አያገኝም። ይህ አግባብ ነው ብሎ አቅራቢው አያምንም። የ20 ሰዓቱ ስብስብ ያስገኛቸውን ጽሑፎች ብቻ ቆጥረን ስብስቡን ራሱን ከረሳን፣ ዛፉን ትተን ፍሬውን እንደ መቁጠር ይሆንብናል።

የአካባቢው ሁኔታም ቀላል አልነበረም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ የብዙ ንጹሐን ሕይወት አልፏል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ዓለም አቀፍ ትብብር ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው በቪዲዮ የሚደረግ ስብሰባና በደመና ላይ ያለ የስሌት አቅም ነው። መስመር ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ። የማይጠፋው በሃርድ ዲስክ ላይ የተቀመጠው ቅጂና እርሱን ለመጻፍ የሚቀመጠው ሰው ጊዜ ነው። ንግግርን አዳምጦ መጻፍ፣ ስሞችን ማመሳሰል፣ የመጠይቅ ቅጾችን ማረም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሥራ ነው፤ ተማሪን ለማሳተፍም ይመቻል።

ከውጭ ለሚመጣ ተባባሪም እንዲህ ያለ መምህር ጥያቄ የማቅረብ መብት አለው። ድምፁ ወይም መዝገቡ የት ይቀመጣል? የተናገሩት ሰዎች ለምን ዓላማ ፈቀዱ? ቤት ለቤት የዞሩት መረጃ ሰብሳቢዎች ስም በየት ይጻፋል? አንዳንድ ጊዜ ከአገር ውስጥ ያለው ወገን መረጃ አቅራቢ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ስሌቱም፣ ክርክሩም፣ የመጀመሪያ ደራሲነቱም ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል። በሀምቡርግ መስመር ላይ ይህ ያልሆነው ስብስቡን የሠሩት ሰዎች ስሌቱንም ራሳቸው ስለሠሩ ነው። የዳባትን መዝገብ በተመለከተ ደግሞ የግለሰቦች ስምና የሞት ታሪክ ያለበት ስለሆነ፣ እንደ ንግግር ስብስብ በነፃ ሊለቀቅ አይገባም። የስም ማመሳሰያ ዘዴ የሚሞከረው እዚያው፣ በመዝገቡ ባለቤቶች ዘንድ፣ ወይም ተመሳስለው በተሠሩ ስሞች ላይ መሆን አለበት።

አቅራቢው ለራሱ የመረጠው ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ነው፤ ከደባርቅና ከዳባት ዙሪያ ሳይነበብ የሚነገር አማርኛ ቀድቶ፣ በነፃ በሚገኘው የ20 ሰዓት ስብስብ የሠለጠነ ሥርዓት በምን ላይ እንደሚሳሳት መለየት። ገበሬ፣ አስጎብኚ፣ ነጋዴና ተማሪ በየድርሻቸው እንዲኖሩበት ታስቧል። ፈቃድ በቃል ተጠይቆ ከቅጂው ጋር አብሮ ይቀዳል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው የሚፈረም ወረቀት መስጠት ፈቃድ መጠየቅ አይደለምና።

እስካሁን ያልተፈታው ጉዳይ አጻጻፉ ነው። የገብሱን ነገር ያጫወቱት እናት በተናገሩበት መንገድ እንጻፈው ካልን፣ አንድ ቃል በሁለት በሦስት መልክ ይጻፍና የቋንቋው ሞዴል ይበታተናል። በመደበኛው አጻጻፍ እንጻፈው ካልን ደግሞ ልንለካው የመጣነው የዘዬ ልዩነት ከጽሑፉ ላይ ይጠፋል። ለጊዜው ሁለቱንም ጎን ለጎን ለመጻፍ ተወስኗል፤ ይህ ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል። የአንድ ደቂቃ ንግግር በሁለት መልክ ለመጻፍ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ የሚለካው ሙከራ በአሥር ቅጂዎች ላይ ተጀምሯል፤ የመጀመሪያው ቅጂም የገብሱ ነው።